ኬብል ሳይዘረጋ የሚገናኝ ማከማቻ ዋጋው የት ይከፈላል?

አዲስ አበባ ውስጥ መኖሪያ ቤቱን የሥራ ቦታ ያደረገ ባለሙያ ብዙ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረውም፣ የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራውም፣ ለተለያዩ ድርጅቶች ሂሳብ የሚይዘውም አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። ፋይላቸው ማስቀመጫ አጥቷል። ላፕቶፑ ይሞላል፣ ሃርድ ዲስኩ በየመሳቢያው ይበተናል፣ ደንበኛ የአምናውን ሥራ ሲጠይቅ ፍለጋው ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አንዱ መፍትሔ ክላውድ ነው፤ የሚከፈለው ግን በዶላር ነው። 2 ቴራባይት ቦታ በጉግል ዘንድ በአሜሪካ ዋጋ በወር 10 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ ይህ 570 ብር አካባቢ ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው አገልግሎት 1,300 ብር ይሆናል። በኔትወርክ የሚሠራ የቤት ማከማቻ፣ ባለሙያዎች ናስ የሚሉት፣ እሱም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ከምንዛሪው አያመልጥም። ልዩነቱ የምንዛሪውን ጫና የሚሸከመው አንዴ፣ ሲገዛ መሆኑ ነው። ክላውድ ግን በየወሩ ያሸክማል።

ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። አብዛኞቹ የቤት ማከማቻዎች ዋይፋይ የላቸውም፤ የሚገናኙት በኬብል ነው። ተከራይ ደግሞ ግድግዳ መሰርሰር አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድለትም ለኬብሉና ለሠራተኛው የከፈለው ገንዘብ ቤት ሲለቅ ለአከራዩ ይቀራል። በገመድ አልባ መሣሪያ ላይ የወጣ ብር ግን ከባለቤቱ ጋር ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ስለዚህ ኬብል ላለመዘርጋት መፈለግ የሚያዋጣ ሐሳብ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት አየሩን በነፃ የተሰጠ አድርገው ሲያስቡት ነው።

አየሩ የጋራ ሀብት ነው። በአንድ የዋይፋይ ቻናል ላይ በመሠረቱ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ግድግዳን በተሻለ የሚያልፈው ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ያለ ጎረቤት ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ይሻማል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣንና ሰፊ ቢሆንም ኮንክሪት ያደክመዋል።

ይህን በሥራ ሰዓት እንመንዝረው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያመርታል፤ የአንድ ሠርግ ቀረጻ 200 ጊጋባይት ቢደርስ አያስገርምም። ይህ ፋይል በጊጋቢት ኬብል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሁለት ግድግዳ ተዳክሞ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት በሚያሳልፍ ዋይፋይ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ላፕቶፑም ማከማቻው ራሱም በዚያው ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ መጀመሪያ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከዚያም ከራውተሩ ወደ ማከማቻው። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርድና ሥራው ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ወደ ላይ በሚጭን ኢንተርኔት ወደ ክላውድ ይላክ ቢባል ወደ ሁለት ቀን ይጠጋል።

እንግዲህ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ማከማቻውን ከአየር ላይ በማውረድ ነው። ይህ ደግሞ ኬብል መዘርጋት አይጠይቅም። ራውተሩ ሳሎን ካለ ማከማቻውም ሳሎን ይቀመጥ፤ በአንድ ሜትር ገመድ ይሰካ፤ ገመድ አልባ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው ላፕቶፑ ብቻ ይሁን። ብዙ ሰው ማከማቻውን የግድ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ማድረግ ይፈልጋል፤ ዕቃው ግን አንዴ ከተስተካከለ በኋላ እጅ የሚነካው እምብዛም አይደለም።

እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚጎዳ አንድ ነገር አለ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች የኬብል ቀዳዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ማከማቻው እዚያ ላይ ከተሰካ በሴኮንድ ከ12 ሜጋባይት ብዙ አያልፍም፤ የዋይፋዩ ፍጥነት በካርቶኑ ላይ ምንም ያህል ቢጻፍ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ መቀየር ያለበት ይህ ራውተር ነው። የጊጋቢት ቀዳዳ ያለው መግዛት ውድ ማከማቻ ከመምረጥ ይቀድማል።

ማከማቻው የግድ ሌላ ክፍል መሆን ካለበት፣ ዋይፋይ ተቀብሎ በኬብል ቀዳዳ የሚያቀብል መሣሪያ፣ ማለትም ብሪጅ ወይም ቀዳዳ ያለው ሜሽ፣ ያገናኘዋል። ርካሹ ሪፒተር ግን በዚያው ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን እንደገና በግማሽ ይቀንሰዋል። በመብራት ገመድ ዳታ የሚያስተላልፈው ፓወርላይን የኮንክሪቱን ችግር ይሻገራል፤ ነገር ግን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት አለበት። በየቤታችን ያለው ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ምልክቱን ሊያፍነው ይችላል፤ ከሶኬት ላይ የተሰካው ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ቤት እኔ ሜሹን እመርጣለሁ።

በዋይፋይ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ የት ይግባ ለሚለው መልሴ ዩፒኤስና ሁለተኛ ቅጂ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት የሄደበት ዲስክ ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። አንዱ የሌላው ቅጂ የሆነ ሁለት ዲስክ መግጠምም ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ይሰረዛል። በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ኪውሎከርና ዴድቦልት የተባሉት ቤዛ ጠያቂ ቫይረሶች ኪውናፕ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸውን ማከማቻዎች ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ሲጠይቁ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ባለቤቶች የዓመታት ሥራቸው አደጋ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ማከማቻውን ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት፤ ዋና ዋናውን ሥራም ከቤት ውጭ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ይህን አድርጉ፦ የጓደኛ ላፕቶፕ ተውሳችሁ በአጭር ገመድ ራውተሩ ላይ ሰኩት፤ ከሥራ ጠረጴዛችሁ ሆናችሁ 10 ጊጋባይት ፋይል በዋይፋይ ላኩበት፤ ሰዓቱን ያዙ። በ10 ደቂቃ አካባቢ ካለቀ አሁን ያላችሁ መሣሪያ ለሥራችሁ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለዲስክና ለዩፒኤስ አውሉት።