ከእህል አገዳና ከወረቀት ስለሚሠራው የፖላንድ ጌጥ

ሰው ቤቱን ለማስጌጥ ሁልጊዜ ወርቅና ሐር አያስፈልገውም። የፖላንድ ገበሬዎች ከመከር የተረፈውን የእህል አገዳ፤ ጥቂት ባለቀለም ወረቀትና ክር ይዘው ቤታቸውን ሲያስውቡ ኖረዋል። እኛም በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይህን ሙያ ለመማር ዕድል ስላገኘን፤ የተማርነውን ለጓደኞቻችን፤ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከአገዳ የሚሠራው ጌጥ በፖላንድ ቋንቋ «ፓዮንክ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ሸረሪት ማለት ነው። በእርግጥም ከጣሪያው ተሸካሚ እንጨት በአንድ ክር ተንጠልጥሎ እግሮቹን ወደ ዙሪያው ሲዘረጋ ሸረሪትን ይመስላል። የሚሰቀለው በተለይ ለልደትና ለፋሲካ በዓል ሲሆን፤ በአገዳው መካከል የወረቀት አበባ፤ ባቄላና አተር፤ የወፍ ላባ፤ ባዶ የእንቁላል ቅርፊትም ይጨመርበታል። እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ከምድጃው የሚወጣው ሙቅ አየር ያዞረዋል፤ ስለዚህ ነፍስ ያለው ይመስላል።

ከወረቀት የሚቆረጠው ጌጥ ደግሞ «ቪቺናንኪ» ይባላል። የገጠር ሴቶች በግ በሚሸለትበት ትልቅ መቀስ ይቆርጡት ነበር። ከዋርሶ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዎቪች አገር ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን ወረቀት እየደራረቡ በመለጠፍ አውራ ዶሮን፤ አበባንና የሠርግን ሥርዓት ያሳያሉ። በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በኩርፒዬ የደን አገር ግን በአንድ ቀለም ወረቀት ብቻ መሥራት የተለመደ ነው። ወረቀቱን ከመካከሉ አጥፈው ይቆርጡታል፤ ሲዘረጋም ግራውና ቀኙ ትክክል የሆነ ዛፍ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የታጠፈው ጠርዝ በሙሉ ተቆርጦ እንዳያልቅ ነው፤ ካለቀ ሥራው ለሁለት ይከፈላል።

አሁን ወደ ፓዮንኩ አሠራር እንመለስ። በፖላንድ የሚመረጠው ስንዴ የሚመስለው ራይ የሚባል እህል አገዳ ነው፤ እኛ ግን በስንዴ አገዳ ሠራን። በመጀመሪያ ቅጠሉን መላጥ፤ አንጓውንም ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል፤ ክር የሚያልፈው ውስጡ ባዶ በሆነው ክፍል ብቻ ነውና። ቀጥሎም አገዳውን በሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሮ ማለስለስ ነው። ከዚያም ርዝመታቸው ፍጹም እኩል የሆነ 12 አገዳዎች ይቈረጣሉ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ለጀማሪ ይበቃል።

በአራቱ አገዳዎች ውስጥ ክር አሳልፎ ጫፍና ጫፉን በማሰር አራት ማዕዘን ይሠራል። ከዚህ በኋላ በሁለት አገዳዎች ክር አሳልፎ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ፊት ለፊቱ ማዕዘን ማሰር ነው፤ ሌሎቹም ሁለት አገዳዎች በቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ላይ እንዲሁ ይታሰራሉ። ሁለቱ ጫፎች ከላይ ሲገናኙ በአንድነት ይቋጠራሉ። በቀሩት አራት አገዳዎች ከታች በኩል ይኸው ይደገማል። በዚህ ዐይነት ስድስት ማዕዘንና ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይገኛል። ብዙ ትልልቅና ትንንሽ ቅርጾች እርስ በርሳቸው ሲንጠለጠሉ ሙሉው ጌጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ የጂኦሜትሪ መምህራችን የሚነግሩን ነገር በእጅ ይዳሰሳል። የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ብቻውን ሳለ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ሦስት ማዕዘኖች ሲከቡት ግን ጸንቶ ይቆማል። ሦስት ማዕዘን የጎኖቹ ርዝመት ካልተለወጠ ቅርጹ አይለወጥምና።

እኔ በመጀመሪያው ቀን አገዳውን ሳልነክር ስለ ቸኮልኩ ከ12ቱ ሰባቱ ተሰነጠቁብኝ። ተናድጄ ወደ ቤት ብወስደው እናቴ አየችና፤ «ልጄ፤ አክርማ ሳይርስ ተሰፍቶ ያውቃል?» ብላ ሳቀችብኝ። እናቴ ፖላንድን አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰፌድና መሶብ ስለ ሰፋች ግን የአገዳን ጠባይ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ተቀምጬ አልጠየቅኋትም ነበር።

ይህም ትልቅ ነገር አስተማረኝ። ፓዮንክ ዕድሜው አጭር ነው፤ አቧራና ጭስ ሲያጠቁረው ወርዶ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ የሚጠበቀው ጌጡ ሳይሆን ሙያው ነው፤ አንድ ትውልድ ሳይማር ቢቀር የሚተርፍ ነገር የለም። በፖላንድ «ጸፔልያ» የተባለው ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ተቋቁሞ የሕዝቡን የእጅ ሥራ ሲገዛና ሲሸጥ ቆይቷል። የጎረቤቷ የሊትዌንያ የአገዳ ጌጥ አሠራርም በ2023 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን እጅን አያስተምርም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ 12 አገዳ ቈርጣችሁ ሞክሩ። ስትሞክሩም ከእናቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡና እነርሱ የሚያውቁትን ጠይቁ። ወላጆችም በትዕግሥት እንድታሳዩን እንለምናለን። እኔ ሁለተኛውን ፓዮንክ ከእናቴ ጋር ሠራሁ፤ እስከ ዛሬም ከመሶቧ በላይ ተንጠልጥሎ በሩ በተከፈተ ቊጥር ይዞራል።