ብራውን ቤስ በጦር ሜዳና በካሜራ ፊት

ብራውን ቤስ የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ከመቶ ዓመት በላይ የታጠቀው፣ በአፈሙዙ የሚጎርስና በባልጩት ፍንጣሪ የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ስሙን ያወጣለት ወታደሩ እንጂ መንግሥት አይደለም፤ በመዝገብ የሚታወቀው «የምድር ጦር ሞዴል» ተብሎ ነበር። ቡናማነቱ ከእንጨቱም ከብረቱም ቀለም ጋር ተያይዞ ይተረካል፤ «ቤስ» የኤልሳቤጥ ቁልምጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ለንደን ውስጥ የታተመ የመንደር ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይህችን ቤስ ማቀፍን በተራ ወታደርነት ከማገልገል ጋር አንድ አድርጎ መዝግቦታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የእንግሊዝ የክፍለ ጦር አዛዦች ለሰዎቻቸው ጠመንጃ የሚገዙት እያንዳንዳቸው እንደፈለጉ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የተሰበረ ዕቃ ከሌላ ጠመንጃ ተወስዶ አይተካም። በ1720ዎቹ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ቦርድ አንድ ሞዴል ወሰነ። በርሜሉና መቀርቀሪያው በአብዛኛው በበርሚንግሃም አንጥረኞች ይሠራል፣ ለንደን ግንብ ድረስ መጥቶ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይገጣጠማል። ብዙዎቹ ጠመንጃዎች ላይ የዘውድ ምልክትና የግንቡ ስም ተቀርጾ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል በርሜል 117 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ወደ 107 አጠረ። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ደግሞ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለራሱ ወታደሮች ያሠራው 99 ሴንቲ ሜትር የሆነው «የሕንድ ሞዴል» ለመላው ጦር ተወሰደ፤ ርካሽ ነበር፣ ቶሎም ይሠራ ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

የጠመንጃው ጠባይ ሁሉ የሚታየው ሲጎርስ ነው። ወታደሩ ከኮሮጆው በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና የእርሳስ ድቡልቡል ያወጣል። ወረቀቱን በጥርሱ ይገነጥላል፤ ከንፈሩ በባሩድ ይጠቁራል፣ ምላሱም ጨው ጨው ይለዋል። ጥቂት ባሩድ በበርሜሉ ጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ነስንሶ የብረት ክዳኗን ይገጥማል። ጠመንጃውን አቁሞ የቀረውን ባሩድ በአፈሙዙ ያፈስሳል፣ ጥይቱንና ወረቀቱን ያስከትላል፣ ዘንጉን መዝዞ እስከ ታች ይጎሰጉሳል። ዘንጉን ወደ ቦታው መልሶ ቃታውን እስከ መጨረሻው ይስባል፣ ያነጣጥራል፣ ምላጩን ይጫናል። ባልጩቱ ክዳኗን ፈንቅሎ ፍንጣሪ ያዘንባል፤ በሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ ቦግ ይላል፤ እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። በመጀመሪያው ብልጭታና በጩኸቱ መካከል ጆሮ የሚለየው ክፍተት አለ። በደንብ የሠለጠነ ወታደር ይህን ሁሉ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያደርጋል። ባልጩቱ ሲደንዝ ወይም ዝናብ ሲዘንብ ግን ጠመንጃው ይከሽፋል።

የበርሜሉ ውስጥ ለስላሳ ነው፤ ጥይቱን የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ጥርብ የለውም። በዚያ ላይ ጥይቱ ከበርሜሉ ወርድ ሆን ተብሎ ያንሳል። በርሜሉ 19 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በጥቂት ተኩስ ጥላሸት የሚሞላ በርሜል በፍጥነት መጉረስ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በዒላማ ነው፤ ከመቶ ሜትር በላይ አንድን ሰው ለይቶ መምታት በዕድል የሚሆን ነገር ነበር። የኋላ ማነጣጠሪያ እንኳ አልተሠራለትም፤ ከፊት የምትታየው ጉጥ ሥራዋ ሳንጃውን መያዝ ነው። ተሰልፎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ በትእዛዝ በእሩምታ መተኮስ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ላለ ሰው እብደት የሚመስለው ያ ሰልፍ የዚህ በርሜል ውጤት ነው። ከሁለት ሦስት እሩምታ በኋላ ሜዳው በጭስ ስለሚሸፈን ተኳሹ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም። ከዚያ 43 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ሦስት ማዕዘን ሳንጃ ይቀጥላል።

ጠመንጃው በ1746 በስኮትላንድ ኩሎደን፣ በ1759 በኩቤክ፣ በ1775 ከተነሣው የአሜሪካ አብዮት ከሁለቱም ወገን፣ በ1815 በዋተርሉ ተተኩሷል። እንግሊዝ ትርፉን ስለሸጠችም በ1836 ቴክሳስ ውስጥ የአላሞን ምሽግ የከበቡት የሜክሲኮ ወታደሮች የያዙት ይህንኑ ነበር። በ1840ዎቹ በባልጩት ፈንታ በምት የሚፈነዳ ቆብ ያለው ጠመንጃ ተተካ። አሮጌው ግን አልሞተም። በ1879 ዙሉዎች እንግሊዞችን ሲገጥሙ ከያዟቸው ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የለንደን ግንብ ማኅተም ያለባቸው ያረጁ ጠመንጃዎች ነበሩ።

ለስላሳው በርሜል ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ ከእንግሊዝ ሕንድ ወደ ሸዋ ሲላክ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣው ስጦታ መካከል 300 ጠመንጃ ይገኝበታል። ከ27 ዓመት በኋላ በመቅደላ ዘመቻ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር የገጠሙት እንግሊዛውያን ወታደሮች ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን ስናይደር ይዘው ሲተኩሱ፣ አብረዋቸው የተሰለፉት የፑንጃብ ወታደሮች ግን አሁንም በአፈሙዝ የሚጎርስ ለስላሳ ጠመንጃ ነበራቸው። እንግሊዝ ከ1857ቱ የሕንድ ወታደሮች ዐመፅ በኋላ የተሻለውን መሣሪያ ለሕንዳውያን መስጠት ስለፈራች ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የጠመንጃው ዓይነት ማን እንደሚታመንና ማን እንደማይታመን ይናገር ነበር።

ፊልም ሠሪዎች ብራውን ቤስን የሚወዱት በጭሱ፣ በብልጭታውና በቀይ ካፖርት በተሰለፈው ሰው ውበት ነው። የሚቸግራቸው ጊዜው ነው። ከአንድ ተኩስ እስከሚቀጥለው ያለው 20 ሰከንድ ለካሜራ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ፊልም ቆርጦ ይጥለዋል። ፍርሃቱም ሥነ ሥርዓቱም ያለው ግን በዚያ 20 ሰከንድ ውስጥ ነው። ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች ለመመዘን ከአልባሳቱ ይልቅ ይህን ጊዜ እንዴት እንደያዙት ማየት ይሻላል።

ከሁሉ ደፋሩ ምናልባት ፒተር ዋትኪንስ በ1964 ለቢቢሲ የሠራው «ኩሎደን» ነው። በሙያ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች የተሠራው ይህ ፊልም ጦርነቱን የቴሌቪዥን ዜና ቡድን በቦታው ተገኝቶ እንደቀረጸው አድርጎ ያሳያል፤ ካሜራው በሰልፉ መካከል ይንቀሳቀሳል፣ ወታደሩን ፊቱ ላይ ተጠግቶ ያናግረዋል። እውነተኛው ጦርነት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ጎራዴ ይዘው የሮጡት የደጋ ስኮትላንዳውያን ከእሩምታውና ከመድፉ ፊት ረገፉ። ጠመንጃ የያዘው ደመወዝተኛም ድሃ መሆኑን ፊልሙ አይደብቅም።

የስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» (1975) በሰባቱ ዓመት ጦርነት ውስጥ አንድ አጭር ፍልሚያ አለው። ቀይ ለባሾቹ በከበሮና በዋሽንት ታጅበው፣ ጠመንጃቸውን እንደያዙ፣ ሳይሮጡ ሜዳውን ያቋርጣሉ። ፈረንሳዮቹ በረድፍ በረድፍ ይተኩሱባቸዋል። የፊተኛው ረድፍ ይወድቃል፤ የኋለኛው ተራምዶት ይቀጥላል። ተመልካቹ የሚጨነቀው ከተኩሱ ይልቅ ባለመተኮሳቸው ነው። የሠርጌይ ቦንዳርቹክ «ዋተርሉ» (1970) ደግሞ የብዛት ፊልም ነው፤ ከ15 ሺህ በላይ የሶቪየት ወታደሮች ዩክሬን ውስጥ ተሰልፈውበታል። የፈረንሳይ ፈረሰኞች በአራት ማዕዘን የቆሙትን እንግሊዞች ሲዞሩ ከአየር ላይ የተነሣው ምስል ያ ቀስ ብሎ የሚጎርስ ጠመንጃና ሳንጃው ፈረስን እንዴት እንደሚያቆሙ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል።

በቴሌቪዥን ጠመንጃውን ራሱን የታሪኩ ጉዳይ ያደረገው «ሻርፕ» ነው፤ በ1993 የጀመረ፣ ሾን ቢን የሚመራው ተከታታይ። ጀግናው ራሱ የሚይዘው ጠመዝማዛ ጥርብ ያለውን ቤከር ጠመንጃ ነው። «የሻርፕ ንስር» በተባለው ክፍል ግን ብራውን ቤስ የታጠቁ ጀማሪዎችን በደቂቃ ሦስት እንዲተኩሱ ሲያሠለጥን ይታያል። ዘንጉን ይተዋል፤ ጥይቱን ከአፉ ወደ በርሜሉ ይተፋል፣ ሰደፉን መሬት ላይ መትቶ ያወርደዋል። ወታደር ከአጎራረስ እንደሚሠራ ያሳየ ትዕይንት ነው።

የማይክል ማን «የሞሂካኖች የመጨረሻው» (1992) የሚያተኩረው በጫካ ነው። አድብቶ የሚመታ ጠላት ሲመጣባቸው ቀይ ለባሾቹ ተሰልፈው በዛፎቹ ላይ በእሩምታ ይተኩሳሉ፤ የሜዳው ሥልት በማይሠራበት ቦታ ሲወድቅ ይታያል። ሜል ጊብሰን የተወነበት «ዘ ፓትርየት» (2000) ሰልፉንና ጭሱን በብዙ ገንዘብ አሳይቷል፤ በእንግሊዞቹ ላይ የለጠፈው ግፍ ግን ከታሪክ ውጪ ነው ተብሎ ተተችቷል። በባሕር ላይ ለሚዋጉ እግረኞች የተሠራው ሞዴል በፒተር ዌር «ማስተር ኤንድ ኮማንደር» (2003) ዓይነት ፊልም ውስጥ ቦታ አለው።

የፊልም ጠመንጃ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የድሮው ሆሊውድ ከኋላ የሚጎርሱ የ1870ዎቹ ስፕሪንግፊልዶችን የባልጩት ቃታ አስመስሎ እየለጠፈባቸው ይጠቀም ነበር፤ ቅርብ ሆኖ ያየ ሰው ይለያቸዋል። በኋላ ጣሊያን ውስጥ የፔደርሶሊ፣ ጃፓን ውስጥ የሚሮኩ ፋብሪካዎች በትክክል የሚተኩሱ ቅጂዎችን ሠሩ፤ ሕንድም ርካሾቹን ታመርታለች። ፊልም ላይ በርሜሉ የሚጎርሰው ባሩድ ብቻ ነው። ዘንጉ በብዙ ቦታ ከነጭራሹ እንዳይወጣ ይከለከላል፤ በጥድፊያ በርሜል ውስጥ የተረሳ ዘንግ እንደ ጦር ተወርውሮ ሰው ይገድላልና። ወታደሮቹ ዘንጋቸውን ሳይነኩ ደጋግመው ሲተኩሱ የሚታዩባቸው አንዳንድ ትዕይንቶች ከስህተት ይልቅ የዚህ ጥንቃቄ ውጤት ናቸው።