የክትባት ካርድና የልጅ ዕድሜ

በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ቀረጥ ነው። ዛሬ አንድ ደንበኛዬ የገጠማቸውን ላጫውታችሁ።

ሰውዬው በሮተርዳም ባለታክሲ ናቸው። አዲስ አበባ የቀረችውን ልጃቸውን ለማስመጣት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ሲያመለክቱ ልጅቷ 16 ዓመቷ ነበር። የልደት ወረቀቷ 10/8/1999 ይላል፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1999 ዓ.ም. ማለት ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። እዚህ ያዩት ሰዎች ኦገስት 10 ቀን 1999 ብለው አነበቡና ልጅቷ በአንድ ጊዜ የ24 ዓመት ሴት ሆነች። የሂሳብ ሰው ነኝና ቁጥር እንዲህ ሲዛነፍ ያመኛል። ትክክለኛው ኤፕሪል 18 ቀን 2007 ነው።

ወረቀቱ በቅርብ የወጣ መሆኑም ጥርጣሬ አመጣ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ የብዙዎቻችን ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ደግሞ አባትነትን እንጂ ዕድሜን አይናገርም።

ነገሩን ያቃናው አያቷ በሻንጣ ያቆዩት የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ነው። የእናቷ ስም አለበት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቷ የተወጋችው አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት የሚባለው ነው። ይህ ክትባት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነውና በ1999 የተወለደ ሕፃን በዚያ ዕድሜው ሊወጋው አይችልም። ጉዳዩ እንደገና ታየ።

ፈረንጆቹም ይህን ያውቁታል። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1810 ጀምሮ ፈንጣጣ ያልያዘው ወይም ያልተከተበ ሰው ማግባት አይችልም ነበር። ቄሶቹ የክትባቱን ቀን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስለጻፉት፣ ዛሬ የአያት ቅድመ አያታቸውን ታሪክ የሚፈልጉ ያገላብጡታል። እዚህ ሆላንድም ከ1872 ሕግ በኋላ ተማሪ የክትባት ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ክንድ ላይ ያለ ጠባሳ ግን አይረዳችሁም፤ የፈንጣጣውም የሳንባ ነቀርሳውም ክትባት ጠባሳ ይተዋል።

ካርዱ ብቻውን ሕጋዊ መታወቂያ አይደለም፤ ከሌላው ማስረጃ ጋር የሚቀርብ ደጋፊ ነው። የሱቃችንንና የታክሲያችንን ደረሰኝ ሕጉ ስለሚያስገድደን 7 ዓመት እናስቀምጣለን፤ የልጅ ካርድ ግን ቤት ሲቀየር ይጣላል። አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ደውላችሁ ዋናውን አስፈልጉ። ሲተረጎም መሐላ የፈጸመው ተርጓሚ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ይጻፍ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ራሳችሁ ደምሩት።