በሐራጅ የሚሸጥ ቤትና ተከትሎት የሚመጣው የግብር ዕዳ

በአሰላም ሆነ እንደ ኦጎልቾ ባሉ አነስተኛ የአርሲ ከተሞች፣ በዐረብ አገር ለዓመታት ደክመው የተመለሱ እህቶች ያጠራቀሙትን ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያውሉት ለቤት መግዣ ነው። አንዳንድ ሰበካ ጉባኤያትም ከምእመናን በተሰበሰበ አስራት ለገቢ ማስገኛ የሚሆን ቤት ይፈልጋሉ። ባንክ በሐራጅ የሚሸጠው ቤት ዋጋው ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ዓይን ይስባል።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት፣ ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ሽያጩ የባንኩን ገንዘብ ያስመልሳል፤ የቀድሞው ባለቤት ለመንግሥት ያልከፈለውን ሁሉ ግን በራሱ አያጠራም።

የመጀመሪያው ዕዳ የባለቤቱ የራሱ ግብር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለታክስ ባለሥልጣኑ በባለዕዳው ንብረት ላይ የቀዳሚነት መብት ይሰጠዋል፤ ይሁንና የመጀመሪያ ደረጃ መያዣ ያለውን ባንክ አይቀድምም። ባንኩ ድርሻውን ወስዶ ከሄደ በኋላ በግብር ምክንያት የተመዘገበው እገዳ በቤቱ ማኅደር ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ እገዳው ካልተነሣ ደግሞ የስም ዝውውሩ ይጓተታል።

ሁለተኛው ከቦታው ጋር የተያያዘው ውዝፍ ነው፤ ይኸውም በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የተደነገገው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ ወይም የሊዝ ክፍያ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለተከታታይ ሦስት ዓመታት ክፍያ በተቋረጠበት ይዞታ ላይ ያለውን ንብረት ይዞ የመሸጥ ሥልጣን ለከተማው አስተዳደር ሰጥቷል። ገዢው «ዕዳው የእኔ አይደለም» ቢልም የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ የሚያሳየው መዝገቡን ነው።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን ሦስተኛው ነው። ቤቱ ለሱቅ ወይም ለሆቴል የዋለ ከሆነ፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት በሽያጩ ከተገኘው ጥቅም 15 በመቶ ግብር ይከፈላል። ከፋዩ ሻጩ ነው፤ ሆኖም ቤቱ በሐራጅ የተወሰደበት ሰው ለመክፈል አቅሙም ፈቃዱም የለውም። መዝጋቢው አካል ደግሞ ግብሩ መከፈሉን ሳያረጋግጥ ስም አያዛውርም። ስለዚህ በብዙ የሐራጅ ማስታወቂያዎች ግርጌ «ለመንግሥት የሚከፈሉ ማናቸውንም ክፍያዎች ገዢው ይሸፍናል» የሚል ሐሳብ ይገኛል። በእኔ አስተያየት ከመነሻ ዋጋው አስቀድሞ መነበብ ያለበት ይህ መስመር ነው።

ተጫራች በተለምዶ የመነሻ ዋጋውን 25 በመቶ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ካሸነፈም ቀሪውን በ15 ቀናት ውስጥ መክፈል ይጠበቅበታል፤ ካልቻለ ያስያዘውን ሊያጣ ይችላል። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውዝፍ ለማጣራት መሯሯጥ አስቸጋሪ በመሆኑ ማጣራቱ ከሲፒኦው ይቅደም። ለጉብኝት በተፈቀደው ቀን ጣራና ግድግዳ አይቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ በዚያው ቀን በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የካርታ ቁጥር ይዞ ማዘጋጃ ቤትና ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጎራ ማለት፣ የውዝፉን መጠንና የእገዳውን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል። የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም ባንኩን በጽሑፍ መጠየቅ ያሻል፤ የቃል መልስ በኋላ አይጠቅምም።

ለምሳሌ ለአንድ ቤት እስከ 2,000,000 ብር ለመስጠት ያሰበ ሰው 180,000 ብር ውዝፍ እንዳለና ከፋዩም ገዢው እንደሆነ ካረጋገጠ፣ በጨረታው ከ1,820,000 ብር በላይ ማቅረብ የለበትም።