ሥራ ላይ የተጎዳው ልጃችን አካል ጉዳተኛ ሆኖ እንዳይቀር

ወላይታ ሶዶ ውስጥ በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከሕንፃ መወጣጫ የወደቁ፣ እጃቸው በማሽን የተያዘ ብዙ ወጣቶችን አክሜአለሁ። ተመሳሳይ ስብራት ገጥሟቸው አንዱ ድኖ ሥራው ሲመለስ ሌላው ዕድሜ ልኩን ሲቸገር አይቻለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ከአደጋው በኋላ የምናደርገው ነገር ነው።

ከዞናችን ብዙ ልጆች ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። አንዱ ሲጎዳ የሚደወለው ለወላጅ ወይም ለአያት ነው። «ወደ ቤት አምጡትና ወጌሻ ይየው» የሚለው ውሳኔም ከእኛ ይመጣል።

የመጀመሪያው አደጋ መዘግየት ነው። ከስብራቱ ጋር ቁስል ካለ ጀርም እስከ አጥንት ሊገባ ይችላል። ቁስሉ በዚያው ዕለት በባለሙያ መታጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም መሰጠት አለበት። ስለዚህ ቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። ሶዶ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ይሰጣሉ።

ሁለተኛው አጥብቆ ማሰር ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ያብጣል። በቀርከሃ ከተጠፈረ ደም አይዘዋወርም፤ ጡንቻም በ6 ሰዓት አካባቢ መሞት ይጀምራል። አንድ የቀን ሠራተኛ ከ4 ቀን እስራት በኋላ ጣቶቹ ጠቁረው መጣ። ሊድን ይችል የነበረው እጁ ተቆረጠ። ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም አልንቀሳቀስ ካሉ፣ ማሰሪያው የሆስፒታል ጀሶም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሦስተኛው ከሕክምና በኋላ የሚመጣ ነው። አያቶች ከርኅራኄ ብዛት «አትነካካው፣ ይረፍ» እንላለን፤ እናጎርሰዋለን። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ግን ይደርቃል። የትኛውን እንቅስቃሴ መቼ እንደሚጀምር ሐኪሙን ጠይቁ።

አራተኛው የገንዘብ ችግር ነው። ደመወዝ እንዳይቀር በመፍራት ቀጠሮ አቋርጦ ሳይድን ሥራ የሚገባ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ያገኛል። አደጋው ወዲያው ለአሠሪው ይነገር፤ የሕክምና ወረቀቱም በጥንቃቄ ይቀመጥ።

እንግዲህ ስልኩ ሲደወል ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሆስፒታል ደርሷል? ቁስል አለው? ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል? ወደ ቤት የማምጣቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።