ከጥገና ቤት በፊት

ስልክ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አድሮ ጠዋት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲገኝ «ባትሪው ሞቷል»፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ወደ ጥገና ቤት መሮጥ የተለመደ ነው። ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቸኩላል። ኤሌክትሪኩ ስልኩ ዘንድ አልደረሰ ይሆናል፤ ደርሶ ባትሪው ገና አልነቃ ይሆናል፤ ወይም ስልኩ በርቶ ስክሪኑ ብቻ ጠፍቶ ይሆናል። እነዚህን ለመለየት ስልኩን መክፈት አያስፈልግም፤ ከውጭ ተነስቶ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው መሄድ ይበቃል።

መነሻው ሶኬቱና ማከፋፈያው ነው። በዚያው ቻርጀርና ገመድ ሌላ ስልክ የሚሞላ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ስልኩ ይዞራል። ካልሞላ መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ቻርጀሩን መቀየር ነው፤ ሁለቱን በአንዴ የቀየረ ሰው ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር አያውቅም። ገመድ መሰኪያው ሥር ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ድንገተኛ የኃይል ጭማሪም ቻርጀርን ይጎዳል። ከዚያ የስልኩ ቀዳዳ ይታይ። የኪስ ብናኝና አቧራ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተጠቀጠቀ ስለሚጠጥር ገመዱ የገባ ይመስላል እንጂ አይነካም። ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። መርፌ ግን አይሞከር፤ ታይፕ ሲ የሚባለው መሰኪያ 24 ጥቃቅን የብረት መገናኛዎች ስላሉት አንዱ ቢጎብጥ ጤነኛው ስልክ የእውነት ይበላሻል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ባትሪው ላይ ሲደርስ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ወደ 3 ቮልት ሲጠጋ ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ ከዚያም በታች ይወርድና በባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ግንኙነቱን ይቆርጣል። እንዲህ የደከመ ባትሪ ሲሰካ ሙሉ ኃይል ቢለቀቅበት ስለሚጎዳ ስልኩ በመጀመሪያ የሚሰጠው በጣም ትንሽ ኃይል ነው። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ገመዱን መንቀል፣ እንደገና መሰካት፣ እንደገና መንቀል ትርጉም የለውም፤ በጥሩ ቻርጀር ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይነኩ መተው ነው። ላፕቶፕ ላይ መሰካትም አይመከርም፤ የድሮው ዩኤስቢ መሰኪያ የሚሰጠው 2.5 ዋት ብቻ ነው።

ሰዓቱ አልፎም ዝም ካለ በሌላ ስልክ መደወል ነው። ከጠራ ወይም ከነዘረ ስልኩ በርቷል፤ ችግሩ ከስክሪኑ ነው ወይም ሲስተሙ ደርቋል። የደረቀን ስልክ በግድ ማስነሳት ይቻላል። በሳምሰንግ ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ7 ሰከንድ በላይ መጫን ነው። ከአይፎን 8 ወዲህ ባሉት አይፎኖች የድምፅ መጨመሪያውን ጫን ለቀቅ፣ መቀነሻውን ጫን ለቀቅ አድርጎ የጎኑን ቁልፍ የአፕል ምልክት እስኪመጣ መያዝ ነው። ይህ ፎቶም ሆነ ስልክ ቁጥር አያጠፋም።

«ጠጋኙ ቅርብ ነው፣ ዋጋውም አይከብድ፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ነገር ግን ስልክ አንዴ ሲከፈት ውኃ እንዳይገባ የሚያሽገው ማጣበቂያ ይላቀቃል፤ ለአንድ ገመድ ብልሽት ይህን መክፈል ኪሳራ ነው። መጠበቅ አደገኛ ነው የሚል ሌላ ተቃውሞ ግን በከፊል እውነት አለው። ጀርባው ያበጠ፣ የሚሸት ወይም እጅ የሚያቃጥል ስልክ አይሰካ፣ አይጫን፣ በቀጥታ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ከገበያ የሰበሰበው ባትሪው እሳት እያስነሳ ስላስቸገረ ነው። ውኃ የገባበትም ሳይደርቅ አይሰካ። ሩዝ ውስጥ መቅበሩም ይቅር፤ አፕል ራሱ የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ ጠጋኙ ዘንድ ሲደርሱ የሞከሩትን በቅደም ተከተል ይንገሩት፤ ባትሪውን በመለኪያ እንዲያየውም ይጠይቁ። «ፍላሽ ላድርገው» (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ልጫነው) ካለ ግን ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ መቀመጣቸውን ሳያረጋግጡ እሺ አይበሉ፤ ፍላሽ የተደረገ ስልክ ውስጡ የነበረውን ብዙ ጊዜ አይመልስም።