የዘገየ ላፕቶፕ፦ እናሠራው ወይስ አዲስ እንግዛ?

በብዙ ቤት አንድ ላፕቶፕ ሁሉንም ያገለግላል። ልጅ ትማርበታለች፣ አባት የሥራ ማመልከቻ ይልኩበታል፣ እናት ከኩፓት ሆሊም የመጣውን የምርመራ ውጤት በልጆቻቸው እርዳታ ያዩበታል። እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ የምንሠራ ነርሶች ወደየቤቱ ስንሄድ፣ ላፕቶፑ እስኪከፈት ቡና የሚፈላበት ቤት ያጋጥመናል። «አርጅቷል» ይባልና ብዙ ሺህ ሼኬል በተሽሉሚም ይገባበታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን፣ ከመግዛት በፊት መመርመር ይሻላል።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ

ላፕቶፕን የሚያዘገዩት ነገሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ ነው። በቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው እየተሽከረከረ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በጣም ይፈጥናል። ሁለተኛው ራም ወይም ሜሞሪ የሚባለው ነው። 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ፣ የዙም ትምህርትና ሌሎች ገጾች አብረው ሲከፈቱ ይጨናነቃል።

በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ልጆቻችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ ሜሞሪው 90 በመቶ ካለፈ ራም አንሶታል ማለት ነው። ሜሞሪው ገና ቦታ እያለው ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆየ ደግሞ ዲስኩን መጠርጠር ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች በዝተው ወይም ማራገቢያው በአቧራ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን ለማስተካከል ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

መቼ እናሠራው?

ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ለተማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከሰሌዳው ጋር ስለተበየደ አይቀየርም፤ ስለዚህ የሞዴሉን ስም ለቴክኒሻኑ ነግራችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋውንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ዲስኩ ከመቀየሩ በፊት ፎቶዎችና ሰነዶች ሌላ ቦታ ይገልበጡ። አሮጌው ዲስክ የቤተሰቡ የሕክምናና የባንክ ወረቀት ሊኖርበት ስለሚችል መልሳችሁ ውሰዱት።

መቼ እንለውጠው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የደኅንነት ማሻሻያ ካላገኘ ግን ባንክና የሕክምና ውጤት ለሚታይበት ቤት አያስተማምንም። ከ2018 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ስክሪን ወይም ባትሪ ተጨምሮ ከተበላሸ፣ ወይም ማሠሪያው የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ከደረሰ፣ መለወጡን እንመርጣለን። ከመግዛታችሁ በፊት ልጃችሁ የሚማርበት ተቋም ወይም አሠሪው ኮምፒውተር ያውስ እንደሆነ ጠይቁ።

ስትገዙ መብታችሁን እወቁ

በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ላፕቶፕ ከደረሳችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ለአካል ጉዳተኞችና አገር ከገቡ 5 ዓመት ላልሞላቸው ኦሊም ሐዳሺም፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተገዛ ከሆነ ጊዜው 4 ወር ነው። ዕቃው ጉድለት ከሌለው የመሰረዣ ክፍያው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ስለዚህ ሻጭ ደውሎ «ዛሬ ብቻ» ቢላችሁ አትቸኩሉ፤ ካርድ ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት ከልጆቻችሁ ጋር ተመካከሩ። ካባላውንና የአህራዩት ወረቀቱንም አስቀምጡ።